ካሜራው ከካፌ ወጥቶ ቸርችልን ሲወርድ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል (ብሌንደር፣ ሳይክልስ)

ሐና_ሞሽን፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሾት አስቸግሮኛል። ካሜራው ፒያሳ ካለ ካፌ ውስጥ፣ ከማኪያቶ ማሽኑ አጠገብ ይነሳና በመስኮቱ ወጥቶ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሀር ይወርዳል። ሰዓቱ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሰማዩ ገና አልጨለመም፣ የመንገድ መብራቱና ሕንፃዎቹ ላይ ያለው ኤልኢዲ ግን በርቷል። 40 ሴኮንድ ነው፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ በድምሩ 1000 ፍሬም።

ብሌንደር 4.2 (የ3ዲ ፕሮግራሙ)፣ ሳይክልስ (ምስሉን የሚያሰላው የብሌንደር ሬንደር ሞተር)፣ ግራፊክስ ካርዴ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ። 1920 በ1080፣ ሌንሱ 35 ሚሊሜትር፣ 128 ሳምፕል (ለአንድ ፒክሰል የሚተኮስ የጨረር ብዛት)፣ ኖይዝ ትሬሽሆልድ (ጥራጥሬው ስንት ሲደርስ ማስላቱ እንደሚቆም) 0.01፣ ጥራጥሬ አጥፊው ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ በርቷል። ሲድ (የጥራጥሬውን ንድፍ የሚወስነው ቁጥር) አጠገብ ያለችው፣ ቁጥሩን በየፍሬሙ የምትቀይረው የሰዓት ምልክትም በርታለች። አንዱ ፍሬም 3 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሙሉው 50 ሰዓት ነው። በቀጥታ ኤምፒ4 አድርጌ ነው የማወጣው።

አንድ ፍሬም ለብቻው ሲታይ ንጹህ ነው። ሲንቀሳቀስ ግን የካፌው ኮርኒስ ጥግ ላይ ያለው ጥላ ይዋኛል። ውጪ የቤቶቹ ቆርቆሮ ክዳን ያብለጨልጫል። በግራ በኩል ያሉት ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ጥቋቁር ሰረዞች ይሯሯጣሉ። ሰማዩ ደግሞ በእኩል ልዩነት ጠራ ይልና መልሶ ይደፈርሳል። 512 ሳምፕል አድርጌ ጥቂት ፍሬም ሞከርኩ፤ ቆርቆሮው ትንሽ ተሻሻለ፣ ግድግዳው ግን ንክች አላለውም። 1024 ላድርገው ብል ጊዜው በ8 ተባዝቶ 400 ሰዓት ይሆናል፣ ያ ደግሞ አይታሰብም። ሲዱን ቆልፊው ያሉኝም አሉ። ምን ትላላችሁ?

ሬንደር_አራት_ኪሎ፦

ሐና፣ ያለብሽ አንድ ችግር ሳይሆን አራት ነው፤ ሳምፕል መጨመር የሚያግዘው ቢበዛ ሁለቱን ነው። ኖይዝ (ጥራጥሬው) በግማሽ እንዲቀንስ ሳምፕሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሳይለዩ ቁጥር መጨመር ጊዜ መጨረስ ነው።

ከኮርኒሱ ጀምሪ። ዲኖይዘሩን አጥፍተሽ ካፌው ውስጥ ሦስት ተከታታይ ፍሬም፣ ለምሳሌ 100፣ 101 እና 102ን በፒኤንጂ አውጪና እያፈራረቅሽ እያቸው። የሚዋኘው ጥላ ጠፍቶ በቦታው እኩል የተበተነ ጥራጥሬ ብቻ ካየሽ፣ ጥላውን የሠራው ዲኖይዘሩ ነው ማለት ነው። ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ ሳይክልስ ውስጥ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚያየው፤ ባለፈው ፍሬም ምን እንደወሰነ አያስታውስም። ጥራጥሬው የበዛበት ቦታ ላይ ይገምታል፣ ግምቱም በየፍሬሙ ይለያያል። ለዚህ ነው የቆመ ምስል ላይ ምንም የማይታወቅሽ።

ቀጥሎ ጥያቄው እዚያ ጥግ ላይ ጥራጥሬው ለምን በዛ የሚለው ነው። ካፌ ከሆነ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። የመጀመሪያው የመስኮቱ መስታወት ነው። በግላስ ሼደር (ገጹ ብርሃንን እንዴት እንደሚያስተናግድ በሚወስነው) ከተሠራ፣ የሰማዩ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባው በካስቲክ መንገድ (በመስታወቱ ታጥፎ) ብቻ ነው፤ ፓዝ ትሬሰር (እንደ ሳይክልስ ጨረር እየተከተለ የሚያሰላው) ደግሞ ያንን መንገድ የሚያገኘው በዕድል ነው። ላይት ፓዝ ኖድ ጨምሪና ኢዝ ሻዶው ሬይ የሚለውን ይዘሽ ግላሱን ከትራንስፓረንት ጋር ሚክስ አድርጊው። ካሜራው ነጸብራቁን ያያል፣ ብርሃኑ ግን በቀጥታ ያልፋል። በመስኮቱ ልክ አንድ ኤሪያ ላይት ወደ ውስጥ አዙረሽ ፖርታል የሚለውን ብታበሪለትም ይረዳል፤ ራሱ አያበራም፣ ሳይክልስ የሰማዩን ብርሃን በየት በኩል እንደሚፈልግ ይጠቁመዋል እንጂ።

ሁለተኛው አምፖሎቹ ናቸው። በመስታወት ኳስ ውስጥ ያለ ትንሽ ኢሚሽን ሜሽ (ራሱ የሚያበራ ቅርጽ) ክፍል እንዲያበራ ማድረግ ጥራጥሬ መጋበዝ ነው። በቦታው ራዲየሱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ፖይንት ላይት አስገቢ፣ የኳሱን ሬይ ቪዚቢሊቲ ከፍተሽ ሻዶውን አጥፊ፣ የአምፖሉን ሜሽ ለካሜራ ብቻ እንዲታይ ተዪው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቂት ከቀረ፣ ትሬሽሆልዱን ወደ 0.005 አውርደሽ ሚን ሳምፕልስን ከ0 ወደ 64 ከፍ አድርጊ። አዳፕቲቭ ሳምፕሊንግ ጨለማ ጥግ ላይ ገና በጥቂት ሳምፕል «ይበቃል» ብሎ ሊያቆም ይችላል፤ የሚያቆምበት ቦታም በየፍሬሙ ይለያያል።

ግድግዳውን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሕንፃዎቹን ቅርጽ ከየት ነው ያመጣሽው? አንዱን ሕንፃ ኤዲት ሞድ ውስጥ ግቢበትና የአንድ ነጥብ ግሎባል ኤክስና ዋይ ስንት እንደሚል ጻፊልን።

ቢጫ_ኖድ፦

እኔም ሲዱን ቆልፊው ከሚሉት ወገን ነኝ። የሰዓት ምልክቷን አጥፊ፤ ጥራጥሬው በየፍሬሙ ስለማይቀያየር ዲኖይዘሩም አይወላውልም። በነጻ የሚገኝ መፍትሔ ነው።

ቬክተር_ፓስ፦

ቢጫ፣ ያልከው የሚሠራው ካሜራው ቆሞ ከሆነ ነው። እዚህ ካሜራው ይሄዳል። ሲዱ ሲቆለፍ የጥራጥሬው ንድፍ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ግድግዳው ከሥሩ ይንሸራተታል፤ በቆሸሸ መስታወት ውስጥ እንደማየት ነው። ብልጭታው ቀነሰ ስትል የሚሳብ ነጠብጣብ ይመጣል፣ ያ ደግሞ ለዓይን ይብሳል። ሐና፣ ምልክቷ እንደበራች ትቆይ።

ሲዱ መለዋወጥ ያለበት ሌላም ምክንያት አለ። ከብሌንደር 3.1 ጀምሮ ኦፕቲክስ (የኤንቪዲያ ዲኖይዘር) የጎረቤት ፍሬሞችን እያየ ዲኖይዝ ማድረግ ይችላል። በተን የለውም፣ ከፓይተን ኮንሶል በትእዛዝ ነው የሚጠራው። 3060 ስላለሽ ይሠራልሻል። የሚፈልገው ቬክተር ፓስ (የፒክሰሎቹን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው) እና ዲኖይዚንግ ዴታ ፓስ በርተው፣ ዲኖይዝ ሳይደረግ በባለብዙ ሌየር ኢኤክስአር የወጣ ሲኩዌንስ ነው። ሥራው በፍሬሞቹ መካከል የሚለያየውን ጥራጥሬ ማመጣጠን ስለሆነ፣ ጥራጥሬው ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ የሚያመጣጥነው ነገር አያገኝም።

ግን ሁለት ገደብ አለው። ሞሽን ብለር ከበራ ቬክተር ፓስ አይወጣም፤ ብለሩን በኋላ ኮምፖዚተር ውስጥ መሥራት ሊኖርብሽ ነው። በተጨማሪም ቬክተሩ የሚያውቀው የመስታወቱን ገጽ እንቅስቃሴ እንጂ መስታወቱ ውስጥ የሚታየውን አይደለም፤ ስለዚህ የካፌው መስኮት ላይ ነጸብራቁ ጭራ ሊያወጣ ይችላል።

ለኮርኒሱ ግን እኔ ብሆን ከዲኖይዘር ጋር አልታገልም፣ ቤክ አደርገዋለሁ፤ ማለትም ብርሃኑን አንዴ አስልቼ እንደ ምስል ገጹ ላይ እለጥፈዋለሁ። ካፌው ውስጥ መብራቱም ዕቃውም አይንቀሳቀስም፣ የሚሄደው ካሜራው ብቻ ነው። ኮርኒሱና ግድግዳው ማት ከሆኑ ብርሃናቸው ከየትም ቢታይ ያው ነው፤ 1000 ጊዜ እንደገና ማስላት ትርጉም የለውም። ለኮርኒሱ ሁለተኛ ዩቪ (ምስሉ ገጹ ላይ የሚለጠፍበት ካርታ) ሥሪ፣ 2048 በ2048 የሆነ ባለ 32 ቢት ፍሎት ምስል ክፈቺ፣ ቤክ ታይፑን ዲፊውዝ አድርገሽ ዳይሬክት፣ ኢንዳይሬክትና ከለር ሦስቱንም ምረጪ፣ በ2000 ሳምፕል አንዴ አውጪው። ከዚያ ምስሉን ጥንካሬው 1 ከሆነ ኢሚሽን ጋር አገናኚና በላይት ፓዝ ኢዝ ካሜራ ሬይ ከድሮው ማቴሪያል ጋር ሚክስ አድርጊው። ይቺን አትዝለያት፤ ከዘለልሻት ኮርኒሱ ራሱ መብራት ሆኖ ክፍሉን ሁለተኛ ያበራዋል።

ሐና_ሞሽን፦

አመሰግናለሁ። ዲኖይዘሩ ሲጠፋ ጥላው በእርግጥም ጠፋ፣ ጥራጥሬ ብቻ ነው የቀረው። መስታወቱም ግላስ ሼደር ነው። ሕንፃዎቹ የመጡት ከቀያሽ የካድ (የኮምፒውተር ንድፍ) ፋይል ነው፣ በዲኤክስኤፍ አስገብቼ ነው ያቆምኳቸው። የአንዱ ነጥብ ኤክስ 472 ሺህ 6 መቶ ምናምን፣ ዋይ ደግሞ 998 ሺህ ከምናምን ይላል። ይሄ ችግር አለው እንዴ?

ሬንደር_አራት_ኪሎ፦

ግድግዳሽን የሚበላው እሱ ነው። ቀያሹ የተጠቀመው ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ነው፣ የአዲስ አበባ ዞን። ዋይ ማለት ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በሜትር ነው፣ መሃል ከተማ ላይ 998 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለቅየሳ ትክክል ነው፣ ለሬንደር ግን መርዝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብሌንደር የነጥቦችን መገኛ የሚይዘው በ32 ቢት ፍሎት ነው። ቁጥሩ በ524,288 እና በ1,048,576 መካከል ሲሆን፣ ፍሎቱ ሊለየው የሚችለው ትንሹ እርምጃ 0.0625 ነው፣ ማለትም 6 ሴንቲሜትር ከሩብ። ኤክስሽ ላይ ደግሞ 3 ሴንቲሜትር ገደማ። ጨረሩ ግድግዳውን የመታበት ነጥብ ሲሰላ ወደ ቅርቡ እርምጃ ይጠጋጋል፤ ስለዚህ ነጥቡ አንዳንዴ ከግድግዳው ፊት፣ አንዳንዴ ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል። ከውስጥ ወደ መብራት የሚተኮስ የጥላ ጨረር የራሱን ግድግዳ ይመታና «እዚህ ጥላ ነው» ይላል። ጥቋቁር ሰረዞቹ እነዚያ ናቸው። ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ የመምቻ ነጥቦቹ ሁሉ ስለሚቀየሩ ሰረዞቹም ይሮጣሉ። በ10,000 ሳምፕል ብታወጪውም እዚያው ይቀመጣሉ፣ ምክንያቱም ኖይዝ አይደሉም።

መፍትሔው ሁሉንም ወደ ዜሮ ማምጣት ነው፣ ግን ብሌንደር ውስጥ አታድርጊው። እዚያ የገቡት ነጥቦች አስቀድመው ተጠጋግተዋል፤ ብታንቀሳቅሻቸውም የተሰበረው አይመለስም። ካድ በድርብ ፕሪሲዥን ስለሚሠራ እዚያው ላይ ሙሉውን ሥዕል ከ472500,998000 ወደ 0,0 ሙቭ አድርጊና እንደገና ዲኤክስኤፍ አውጪ። ከፍታውም 2,400 ገደማ ስለሚሆን አብረሽ ቀንሺው፤ እሱ እንኳ እርምጃው ሩብ ሚሊሜትር ነው፣ አይጎዳሽም፣ ግን ካሜራ ማንቀሳቀስ ይቀልሻል። የቀነስሽውን ቁጥር የሆነ ቦታ ጻፊው፤ ነገ ቀያሹ ተጨማሪ ሕንፃ ሲልክ ያስፈልግሻል።

ከዚያም በኋላ አንዳንድ ቦታ ላይ ሰረዝ ከቀረ ሁለት ገጽ ተደራርቧል ማለት ነው። የካድ ፋይል ላይ አንድ ብሎክ ሁለቴ መቀመጡ የተለመደ ነው። ትርፉን አጥፊ፤ መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ዓይነት የግድ የሚደራረብ ከሆነ ደግሞ 2 ሚሊሜትር አርቂው።

ቆርቆሮ_ሼደር፦

ስለ ክዳኑ ልግባ። የቆርቆሮ ሸንተረር በተለምዶ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊሜትር ነው። በ35 ሚሊሜትር ሌንስና በ36 ሚሊሜትር ሴንሰር፣ 200 ሜትር ላይ ያለ ቤት ሲታይ ፍሬሙ ወደ ጎን 206 ሜትር ይሸፍናል፤ ለ1920 ሲካፈል አንድ ፒክሰል 10.7 ሴንቲሜትር ሆነ። ሸንተረሩ ከፒክሰሉ ያንሳል። አንድ ሸንተረር በትክክል እንዲታይ ቢያንስ 2 ፒክሰል ስለሚፈልግ፣ ከ70 ሜትር በኋላ ሸንተረር መሥራት ከንቱ ነው። ከንቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ግን የእያንዳንዱ ሸንተረር አናት ላይ የመንገድ መብራቱን የሚያንጸባርቅ ቀጭን መስመር አለ፤ 128ቱ ሳምፕል አንዱ ፍሬም ላይ ያገኙታል፣ ቀጣዩ ላይ ይስቱታል። ከፒያሳ ቁልቁል ሲታይ ክዳኑ ሁሉ ከላይ ስለሚታይ ሾቱን የሚሞላው እሱ ነው።

የተሞዴለውን ሸንተረር ሩቅ ላሉት ቤቶች ሁሉ አንሺና ጠፍጣፋ ሜሽ ላይ በበምፕ (ቅርጹን ሳይለውጥ ሸንተረር በሚያስመስለው) ሥሪው። ከካሜራ ዴታ ኖድ ቪው ዲስታንስን ወስደሽ በማፕ ሬንጅ ከ50 እስከ 90 ሜትር ባለው መካከል የበምፑን ጥንካሬ ከ1 ወደ 0 አውርጂ፣ ራፍነሱን (የገጹን ሻካራነት) ደግሞ ከ0.2 ወደ 0.45 አውጪ። ሁለተኛው ግድ ነው። ሸንተረሩን አጥፍቶ ራፍነሱን እዚያው የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ያኔ ክዳኑ መስታወት ይመስላል። እውነተኛ ሸንተረር ከሩቅ ሲታይ ብርሃኑን ወደ ብዙ አቅጣጫ ስለሚበትን ገጹ ሻካራ ሆኖ ነው የሚነበበው፣ ራፍነሱን ስትጨምሪ ያንን ነው የምትተኪው። የዛገ ቆርቆሮ ከሆነማ ጭራሽ 0.6 አድርጊውና እረፊ።

የመንገድ መብራቶቹ ራዲየስ ስንት ነው? 1 ሴንቲሜትር ከሆነ ወደ 12 ገደማ አሳድጊው፤ ትንሽ መብራት ስለታም ነጸብራቅ ይወልዳል። ክላምፕ ኢንዳይሬክትን (የተንጸባረቀ ብርሃን የድምቀት ጣሪያ) ከ10 ወደ 4 አውርጂ። ክላምፕ ዳይሬክትን ግን 0 ላይ ተዪው፣ አለበለዚያ የመብራቶቹ ድምቀት ራሱ ይሞታል።

ሕንፃዎቹን የሚያካብበው ኤልኢዲ መስመርም የዚሁ ዘመድ ነው። ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ከሆነ 200 ሜትር ላይ የፒክሰል አንድ አምስተኛ ነው። ሩቅ ላሉት ስፋቱን 10 ሴንቲሜትር አድርገሽ ጥንካሬውን ለ5 አካፍይ፤ ድምሩ ያው ነው፣ መቆራረጡ ግን ይቀራል። ማቴሪያሉ ላይም ኢሚሽን ሳምፕሊንግን «ነን» (None) አድርጊው። በሺህ የሚቆጠር ቁራጭ መብራት ላይት ትሪው (ሳይክልስ መብራቶችን የሚመርጥበት ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ ሳምፕል ከሚሻማ፣ ግድግዳውን ለሚያበራው ብርሃን ጥቂት ኤሪያ ላይት ይበቃል።

ማክስ_ለገሀር፦

ይህን የሚያነቡ የቪሬይ (የሌላ ሬንደር ሞተር) ሰዎች ስለሚኖሩ ባጭሩ፦ እናንተ ጋ ኮርኒስ ጥግ ላይ የሚዋኝ ጥላ ሲመጣ ተጠርጣሪው ዲኖይዘር ብቻ አይደለም፣ ኢራዲያንስ ማፕም (በተመረጡ ነጥቦች ላይ ብቻ የሚሰላ የተንጸባረቀ ብርሃን) ነው። በየፍሬሙ ከባዶ ስለሚሰላ ነጥቦቹ በየፍሬሙ ሌላ ቦታ ያርፋሉ። ካሜራ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መልቲፍሬም ኢንክሪመንታል አድርጋችሁ በየ10 ፍሬሙ አስሉት፣ ፋይሉን ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ከፋይል እያነበበ ሬንደር ያድርግ። ሰው ወይም ሚኒባስ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ይህን አትሞክሩ፤ መኪናው ከሄደ በኋላ ጥላው አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ያኔ ብሩት ፎርስ (ሁሉንም ነጥብ በቀጥታ የሚያሰላው) ከላይት ካሽ ጋር፣ የላይት ካሹን ፕሪሴት አኒሜሽን ላይ አድርጉ፦ ሰብዲቩ 3000፣ ሪትሬሱ 8 ይሆናል። ግድግዳችሁ ውፍረት የሌለው አንድ ገጽ ከሆነ የውጪው ብርሃን በጥግ በኩል ሾልኮ ይገባል፣ 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ስጡት።

ሐና_ሞሽን፦

ካድ ላይ ሙቭ አድርጌ መልሼ አስገባሁት፣ ሰረዞቹ ሙሉ በሙሉ ጠፉ። ኮርኒሱም ቤክ ከተደረገ በኋላ ቀጥ ብሏል። ክዳኑን እየቀየርኩ ነው። የቀረኝ ሰማዩ ነው። በፒኤንጂ ያወጣኋቸውን ፍሬሞች በተከታታይ ሳያቸው ሰማዩ ምንም አይለውም፣ ኤምፒ4 ላይ ግን አለ። ደንበኛው ደግሞ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ጭራሽ ይብሳል። መብራት ሲጠፋስ ከየት ነው የምቀጥለው? እስካሁን ኤምፒ4ው እየተበላሸ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።

ቬክተር_ፓስ፦

መልሱን ራስሽ አግኝተሽዋል፦ ፒኤንጂ ላይ ከሌለ ሬንደሩ ደህና ነው፣ የሚረብሸው ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) ነው። ኤምፒ4ው ላይ ሰማዩ ሲጠራ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ስንት ፍሬም እንደሆነ ቁጠሪ። 18 ከሆነ አለቀ፤ የብሌንደር ኪፍሬም ኢንተርቫል ሳይነካ ሲቀር 18 ነው፣ በ25 ፍሬም 0.72 ሴኮንድ ማለት ነው። ኤች.264 በየ18 ፍሬሙ ሙሉ ምስል ይጽፋል፣ በመካከል ያሉት ላይ ልዩነቱን ብቻ። ቢትሬቱ (በሴኮንድ የሚጻፈው ዳታ) ሲያንስ የምሽት ሰማይን ስስ ቀለም እያጨማለቀ ይሄድና ሙሉው ምስል ሲመጣ ድንገት ያጠራዋል።

ስለዚህ ከሬንደር በቀጥታ ቪዲዮ አታውጪ። ባለ 16 ቢት ፒኤንጂ ወይም ሃፍ ፍሎት ኢኤክስአር ሲኩዌንስ አውጪ፣ አውትፑት ላይ ኦቨርራይትን አጥፊ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሬንደር አኒሜሽን ብቻ ትጫኛለሽ፣ ያሉትን ዘልሎ ከጎደለው ይቀጥላል። ማሽንሽ አንድ ከሆነ ፕሌስሆልደርስን አታብሪ፤ እሱ ለብዙ ማሽን ነው፣ መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ባዶ ፋይል ትቶ ይሄዳል፣ ብሌንደርም ተሠርቷል ብሎ ይዘለዋል። ለማንኛውም ከመቀጠልሽ በፊት ፎልደሩን በፋይል መጠን ደርድሪና 0 ባይት የሆነውን ወይም ከጎረቤቶቹ እጅግ ያነሰውን ሰርዢ።

ሲኩዌንሱ ሲያልቅ ቪዲዮ ሲኩዌንሰር ላይ አስገብተሽ በኤች.264 አውጪ፣ ጥራቱን ፐርሴፕቹዋሊ ሎስለስ አድርጊ። ዲዘር (የቀለም ደረጃ እንዳይታይ የሚበተን ስስ ጥራጥሬ) 1 ይሁን፣ ሰማዩ ላይም በጣም ስስ ግሬን ጨምሪ፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ግሬኑ የቀለሙን ደረጃ ይሰብርልሻል፣ በጣም ከበዛ ግን ቢትሬቱን ራሱ ይበላዋል።

ለደንበኛው ቴሌግራም ላይ ስትልኪ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ቪዲዮ ከሄደ ቴሌግራም እንደገና ይጨምቀዋል፣ የሠራሽው ሁሉ ባዶ ይቀራል። አውርዶ በኮምፒውተር እንዲያየውም ንገሪው።

ቢጫ_ኖድ፦

ኤፍኤፍኤምፔግ (የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ላይ ዲፍሊከር የሚባል ፊልተር አለ፣ ሰማዩን በእሱ ብታስተካክለውስ?

ቬክተር_ፓስ፦

እሱ የሚያየው የሙሉ ፍሬሙን አማካይ ድምቀት ነው፣ ሳይነካ ከተተወ በ5 ፍሬም እያማከለ። ታይምላፕስ ላይ የካሜራው ኤክስፖዠር ሲዋልል ግሩም ነው። እዚህ ግን የሚለዋወጠው ሰማዩ ብቻ ስለሆነ፣ ሰማዩን ለማረም ብሎ አስፋልቱን ሲያደምቅና ሲያጨልም ያድራል።

ሐና፣ 1000ውን ከመልቀቅሽ በፊት ካሜራው መስኮቱን የሚያልፍበት አካባቢ 25 ፍሬም፣ ክዳኑ ፍሬሙን የሚሞላበት ሌላ 25 በሙሉ ጥራት አውጪና እዪ። በ3 ደቂቃ ስሌት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። መስታወቱ ከተቀየረና ኮርኒሱ ቤክ ከሆነ ወዲህ ካፌው ውስጥ ያሉት ፍሬሞች ከ3 ደቂቃ በታች መውረድ አለባቸው፤ ካልወረዱ ሻዶው ሬዩ የተገናኘበትን ሶኬት መልሰሽ ቼክ አድርጊው፣ ሁለቱ ሼደሮች ተገላብጠው ይሆናል።